«ያስገቡ» ብሎ ማምለጥ

አንድ መተግበሪያ ወደ አማርኛ ስንመልስ «ስልክ ቁጥርህን አስገባ» ብዬ ጻፍኩ። ለሴት ተጠቃሚዎች «አስገቢ» መሆን እንደነበረበት ትዝ ያለኝ ሥራው ከተለቀቀ በኋላ ነው። «ያስገቡ» አልንና ተገላገልን፤ አንቱታው ጾታን ደበቀልን። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ የኦዬሮንኬ ኦዬውሚን «ዘ ኢንቬንሽን ኦፍ ውመን» እስካነብ ድረስ።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በ1970 ሳንዲያጎ ስቴት የአሜሪካ የመጀመሪያው የሴቶች ጥናት ፕሮግራም ሲከፈት ጥያቄው «በታሪኩና በሥነ ጽሑፉ ውስጥ ሴቶች የት አሉ?» ነበር። ቀስ በቀስ «ሴትነትና ወንድነት ራሳቸው እንዴት ይሠራሉ?» ወደሚለው ሰፋ፤ ወሲባዊነትም ገባ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2002 «የሴቶች ጥናት» የነበረውን ስም «የፌሚኒስት፣ የሥርዓተ ጾታና የወሲባዊነት ጥናት» አለው። ብዙ ሰው ይህን መስፋት የርዕስ ዝርዝር መርዘም ብቻ አድርጎ ያየዋል።

የናይጄሪያ ተወላጅ የሆኑት ኦዬውሚ ግን ዝርዝሩ ላይ አንድ ርዕስ አልጨመሩም፤ ጥያቄውን ራሱን ጠየቁት። በዮሩባ ቋንቋ «እሱ»ና «እሷ» አንድ ቃል ነው። ወንድምና እህትም አይለይም፤ የሚለየው ታላቅና ታናሽ ነው። ከቅኝ ግዛት በፊት በኦዮ ዮሩባ የሰውን ቦታ የሚወስነው ታላቅነት እንጂ ጾታ አልነበረም፤ በወንድ ሥር የምትመደብ «ሴት» የመጣችው ከቅኝ ገዢው ጋር ነው ይላሉ። ፎርም ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። «ጾታ» የሚል የግዴታ ሳጥን ካስቀመጥክ፣ ሳትሞላው የሚያልፍ የለም።

የመጽሐፉ ድክመት ማስረጃው ላይ ነው። ሌላ ናይጄሪያዊ ምሁር፣ ቢቢ ባካሬ-ዩሱፍ፣ እንደተቹት፣ ቋንቋ ውስጥ የሌለ ነገር ኑሮ ውስጥም የለም ማለት አይደለም። ለዚህ አማርኛ ይበቃናል። እስካሁን ስለ ኦዬውሚ «ይላሉ» ስል ሴት መሆናቸውን ግሡ አልነገራችሁም። አማርኛም ክብር ሲመጣ ጾታን ይተዋል። ግን እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤታችን የመጡ ቀን፣ ሳሎን ተቀምጠው የተነጋገሩት አጎቶቼ ናቸው። በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት፣ ሁሉም ሰው «እርስዎ» የሚላቸው አያቴ ጓዳ ነበሩ። እሳቸው የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ታዲያ መጽሐፉ ከሸፈ? በጭራሽ። ሳጥኑን ማን እንዳስቀመጠው መጠየቅን ያስተምራል፤ ይህን ሳይጠይቅ የሚሰፋ ጥናት የሌላውን ሰው ፎርም ከመሙላት አያልፍም። ያነሰው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ ሳጥኑ ቢነሳስ፣ ጓዳ የሚቀረው ማን ነው? የእኛው ቃል «ሥርዓተ ጾታ» ለዚህ ይመቻል፤ ሥርዓት ከግስ እርባታ ይልቅ የመቀመጫ ጉዳይ ነውና።

መተግበሪያው አሁንም «ያስገቡ» ይላል። አልቀየርኩትም። ግን መፍትሔ ነው ማለቴን ትቻለሁ።