ስለ ተመልካች ሳቅ

ቴአትር የሚሠራው በመድረክ ላይ በቆሙት ተጫዋቾች ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ግን ቴአትር የሁለት ወገን ሥራ ነው። አንደኛው ወገን በመብራት ውስጥ ቆሞ ይናገራል፤ ሁለተኛው ወገን በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይቀበላል። ተጫዋቹ ክፉ ቢሠራ እንወቅሰዋለን፤ መልካም ቢሠራ እናጨበጭብለታለን። ተመልካቹ ክፉ ቢመለከት ግን ማን ይወቅሰዋል? ማንም አይወቅሰውም። ገንዘቡን ከፍሎ የገባ ነውና እንደ ፈለገ ይስቃል፥ እንደ ፈለገ ያወራል፥ ሲሰለቸውም ተነሥቶ ይሄዳል። እኔ ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቼ የምጽፈው ወቃሽ ስለሌለው ስለዚሁ ስለ ተመልካች ነው። ከተመልካቾቹም አንዱ እኔ ነበርሁና ወቀሳውን የምጀምረው ከራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐዋሳ ከተማ በአንድ አዳራሽ ወጣቶች ተሰብስበው የአንበሳውን ደቦል የሲምባን ታሪክ በአማርኛ ዘፈንና ንግግር አዘጋጅተው አሳዩ። ታሪኩ ለማንም አዲስ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የዲስኒ ኩባንያ በሥዕል ሠርቶ ያወጣው ፊልም ነውና፥ ያን ጊዜ ልጆች ሆነው ያዩት ዛሬ የልጆች አባትና እናት ሆነዋል። አጎት ወንድሙን ንጉሡን ይገድላል፤ ልጅየው በጥፋተኝነት ስሜት አገር ጥሎ ይሸሻል፤ በመጨረሻም ተመልሶ የአባቱን ቦታ ይይዛል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን ሐምሌት ያነበበ ሰው አጥንቱ ከየት እንደ መጣ ወዲያው ያውቃል።

ይህ ፊልም ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1997፥ በኒውዮርክ ከተማ ዘፈን ያለበት ቴአትር ሆኖ በመድረክ ታየ። ያዘጋጁት ጁሊ ቴይሞር የተባሉ ሴት ናቸው፤ በሚከተለውም ዓመት ቶኒ የተባለውን ሽልማት ተቀብለው፥ በሙዚቃዊ ቴአትር አዘጋጅነት ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የገጠማቸው ችግር በሐዋሳ ወጣቶችም ላይ የደረሰ ነውና ልብ ብለን እንየው። ወደ አዳራሹ የሚገባው ሕዝብ ሁሉ ፊልሙን በራሱ ውስጥ ይዞ ይገባል። በፊልሙ አንበሳው አንበሳ ነው፤ በመድረክ ላይ ግን አንበሳው ሰው ነው። ታዲያ ሰውየውን እንዴት አድርገው ይደብቁት?

አዘጋጇ ሰውየውን አልደበቁትም። የአንበሳውን ጭንብል ከተጫዋቹ ራስ በላይ አድርገው የሰውየውን ፊት ገልጠው ተዉት። ድርቅ መግባቱን ለማሳየት በመድረኩ ወለል ላይ ክብ የሐር ጨርቅ ዘርግተው፥ ጨርቁ በመካከሉ ባለች ቀዳዳ ቀስ በቀስ እየተሳበ ሲጠፋ ኩሬው ደረቀ አሰኙ። እንስቶቹ አንበሶች ሲያለቅሱ ከዓይናቸው ረጅም የጨርቅ ጥብጣብ ይመዝዛሉ። የሚደነብረው የዱር ከብት መንጋ ደግሞ በሚሽከረከር ግንድ ላይ የተደረደረ ምስል ነው፤ የኋለኛው ትንሽ፥ የፊተኛው ትልቅ ሆኖ ስለ ተሠራ ከሩቅ ወደ እኛ የሚመጣ ይመስላል። ጨርቁ ጨርቅ፥ እንጨቱም እንጨት መሆኑን ተመልካቹ ያያል፤ እያየም ያለቅሳል። ስለ ምን? የሥራው እኩሌታ ለእርሱ ስለ ተተወለት ነው። ፊልሙ ኩሬውን ሠርቶ ሰጠው፤ ቴአትሩ ግን ጨርቁን ሰጥቶ ኩሬውን ከእርሱ ለመነው።

የሐዋሳ ወጣቶች ሐርም መኪናም አልነበራቸውም። የአንበሳውን ጎፈር የሠሩት በሻይ ውሃ ከተነከረ የእንሰት ቃጫ ነው። ጭንብሉ ካርቶን፥ የጅቦቹ ልብስ የማዳበሪያ ጆንያ ነበረ። መንጋው ሲደነብር መብራቱን አጥፍተው ከመጋረጃው ኋላ ከበሮ እየመቱ ሳንቃውን በእግራቸው ደበደቡት፤ ወንበራችን እስኪንቀጠቀጥ ድረስ በጨለማው ውስጥ መንጋው አለፈብን። የንጉሡን መልእክተኛ ወፍ የተጫወተው ልጅ ደግሞ ትከሻውን ሰብስቦ፥ አንገቱን ቀብሮ፥ በአሞራ ገደል ዓሣ ሲጠባበቁ እንደሚውሉት እንደ እነዚያ ትልልቅ አሞራዎች እየተንጀባረረ ሲወጣ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ያ ሳቅ የተመሰገነ ሳቅ ነው። ሰው የሚያውቀውን ነገር በሌላ መልክ ሲያገኘው የሚስቀው ሳቅ ለተጫዋቹ ደመወዙ ነውና።

ሆኖም ከአጠገቤ ሌላ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። አንዱ «ፊልሙ ላይ እንዲህ አይደለም» ይላል፤ ሌላው «ጎፈሩ ቃጫ እኮ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ብዙዎች ስልካቸውን አንሥተው መድረኩን በዚያች ጠባብ መስተዋት ውስጥ ያዩ ነበር፤ እፊታቸው ያለውን ሕያው ነገር ትተው እንደ ገና ወደ ፊልም ይመልሱታል። ከዚያም አባትየው አንበሳ ሞተ። ሲወድቅ የቃጫው ጎፈር ከራሱ ሸርተት ብሎ በአንድ ጆሮው ላይ ተንጠለጠለ። ደቦሉን የሚጫወተው ትንሽ ልጅ ሮጦ መጥቶ ክንዱን እየጎተተ ይነሣለት ዘንድ ይለምነው ጀመር። በዚህ ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁም እንደ እሳት ከወንበር ወደ ወንበር ተላለፈ። እኔም ሳቅሁ።

ከጎኔ ከአያቷ ጋር የተቀመጠች ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፥ አባቱ እኮ ነው የሞተው» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ሳልሰማ የቀረሁ መስሏት ልትነግረኝ ፈልጋ ነው። አያቷ አፍረው በእጃቸው ቆንጠጥ አደረጓትና «ይቅርታ፥ ልጅ ናት» አሉኝ። ይቅርታ የሚገባው ለማን እንደ ሆነ እኔ አውቄው ነበር፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ሳልመልስ ዝም አልሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ በሐይቁ ዳር እየሄድሁ ስለ ምን እንደ ሳቅሁ ራሴን መረመርሁ። ሦስት ምክንያት አገኘሁ። የመጀመሪያው የተንሸራተተው ጎፈር ነው፤ በፊልሙ ሚዛን መዝኜው ቀልሎ ታየኝ። ሁለተኛው ሌሎች መሳቃቸው ነው፤ ሰው በብዙ ሰው መካከል ሲሆን ፊቱን ለጎረቤቱ ያከራያል። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፤ የልጁ ልመና ልቤን ነክቶት ነበር፤ ዕንባዬ ሊመጣ ሲል አፈርሁና በሳቅ ሸፈንሁት። ከዚያ ምሽት ወዲህ፥ በኀዘን ቦታ የሚስቅ ተመልካች ሁሉ ልቡ ደንዳና ነው ብዬ መፍረድ ትቻለሁ። ብዙው ልቡ እንዳይታይበት የሚሸሽ ሰው ነው።

ተጫዋቾቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ክፉው አጎት ከመጀመሪያው አንሥቶ ዓይኑን እያጉረጠረጠ ሕዝቡን ሲያስቅ ቆየ፤ ሳቅ ሲለምን ያመሸ ተጫዋች በድንገት ዕንባ ቢያዝዝ ማን ይታዘዝለታል? በቴፕ የተቀዳው ሙዚቃም ከልክ በላይ ጮኾ የልጆቹን ድምፅ ዋጠው። ግጥሙን በደከሙበት መጠን ለማሰማት ቢደክሙ ኖሮ፥ አንድ ከበሮና አንድ ክራር ይበቃቸው ነበር። ይህን የምጽፈው ሊያቃናቸው ይችላል ብዬ ነው እንጂ ለማሳፈር አይደለም።

«የኛ ሕዝብ ቴአትር ማየት አያውቅም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ ቃል አልስማማም። የኛ ሰው ተረት ሲሰማ እንኳ ዝም ብሎ አይሰማም፤ ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል፤ ካልመለሱለት ተረቱ አይጀመርም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። በዚሁ በሐዋሳ፥ የሲዳማ ሕዝብ አዲስ ዓመቱን ፊቼ ጫምባላላን በጉዱማሌ ሲያከብር፥ ቄጣላው በብዙ ሰው የሚዜም ነው፤ አንዱ ያወጣል፥ ብዙው ይቀበላል። ይህን በዓል ዩኔስኮ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል። ልቅሶ ቤትንም አስቡ። አልቃሿ የሟቹን ሙያ በግጥም እያነሣች ስታወርድ የሚያለቅሰው ሕዝብ የተመረጠ ቃል ሰምቶ የሚያለቅስ ሕዝብ ነው። በተሠራ ቃል ማልቀስ ነውር ያልሆነበት አገር ልጆች ሆነን፥ በተሠራ መድረክ ላይ ማልቀስ ስለ ምን ያሳፍረናል? የኛ ተመልካች ተሳታፊ ነው፤ ድምፁን ማሰማት ባህሉ ነው። የሚጠየቀው ድምፁን ስለ ማሰማቱ አይደለም፤ በዚያ ድምፅ ምን እንደ ተናገረበት ነው እንጂ።

ከሁሉ የከፋው ተመልካች ሳቂው እንዳልሆነም ታሪካችን ይመሰክራል። በሩሲያ ተምረው የተመለሱት፥ በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጽፈው በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት አሳዩ። ስሙ የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። በእርሱም እንደ ሲምባ ታሪክ አውሬዎች ይናገራሉ፤ በአውሬዎቹም አፍ የጊዜው አስተዳደር ብልሹነት ይነገራል። በመኳንንቱ ዘንድ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ አልቀረም፤ በአውሬዎቹ ቆዳ ውስጥ ራሳቸውን አዩ። ነገሩም በመከልከል አለቀ፤ ቴአትር እንደ ገና ለመንቀሳቀስ ብዙ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነበት።

እንግዲህ ሁለቱን አዳራሾች እናስተያይ። የ1913ቱ ተመልካች ያየው ነገር እርሱን እንደሚመለከት ስለ ገባው መጋረጃው እንዲዘጋ አደረገ። እኛ የሐዋሳዎቹ ደግሞ ያየነው ነገር እኛን እንደሚመለከት ሲገባን በሳቃችን መጋረጃ ጋረድንበት። አንዱ ሥልጣን ነበረው፥ ሌላው ሥልጣን የለውም፤ ሽሽቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ «በኀዘን ጊዜ የሳቀ ይውጣ» የሚል ሕግ ይውጣ አልልም። በክልከላ የተገኘ ዝምታ ከሳቅ አይሻልም። መድኃኒቱ እያንዳንዱ ሰው በገዛ ልቡ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ይኸውም ሳቁ ከአፉ ሳይወጣ «በማን ላይ ነው የምስቀው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ምሽቱ በዚያ ሳቅ አላበቃም። በሁለተኛው ክፍል ስደተኛው ሲምባ ወደ ኩሬው ጎንበስ ብሎ በውሃው ውስጥ የአባቱን መልክ የሚያይበት ቦታ አለ። ወጣቶቹ ይህን የሠሩት በአንድ ሰማያዊ ነጠላ ነው። ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው ዘረጉት፤ ሲምባ በወዲህ ተንበረከከ፤ የሞተው አባት በወዲያ በኩል ያንኑ የቃጫ ጎፈር አድርጎ ተንበረከከ፤ ፊት ለፊትም ተያዩ። ሙዚቃው በዚያች ሰዓት በመበላሸቱ ይሁን በማሰብ አላውቅም፥ ጸጥ አለ። ሲምባ አቀርቅሮ ያለ መሣሪያ በገዛ ድምፁ ብቻ ዘፈነ። ያ ሲያሾፍ ያመሸ አዳራሽ ትንፋሹን ዋጠ። ስልኮቹም አንድ በአንድ ወረዱ። ያው ቃጫ፥ ያው ካርቶን ነበረ፤ የተለወጠው እኛ ነን፤ የተለመንነውን እኩሌታ ሰጠን።

እኔ ግን መድረኩን ትቼ ልጅቱን አየሁ። ከንፈሯ ተንቀጥቅጦ ነበር። ዕንባዋ ሊወርድ ሲል ግን ፊቷን ወደ መድረኩ ሳይሆን ወደ እኔ መለሰችና በጨለማው ውስጥ መልኬን መረመረች። ማልቀስ ይገባ ወይም መሳቅ ይገባ እንደ ሆነ ከእኔ ልታውቅ ፈለገች። ከአንድ ሰዓት በፊት ያለ ማንም አስተማሪ የሰው ሞት ሞት መሆኑን ታውቅ የነበረች ልጅ፥ በእኔ ሳቅ ምክንያት አሁን መጠራጠር ጀምራለች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ወደ አዳራሽ ስትገባ ከአጠገብህ የሚቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም። ካንተ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ካለ ግን መድረኩን በሚያይበት ዓይን አንተንም ያያል። ያን ዕለት እኔ የተጫወትሁት ክፍል በወረቀት አልተጻፈም፤ ጭንብልም አልነበረኝም፤ ያየችኝም አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ፊቴን ከእርስዋ አልመለስሁም። ዕንባዬንም አልጠረግሁትም። እርስዋም ጥቂት አይታኝ ወደ መድረኩ ተመለሰችና አለቀሰች።