የጤነኛው ሰው ደም

ሙያዬ የኤች አይ ቪ ምርምር ነው ስል፣ ብዙ ሰው የሚመስለው የሕሙማንን ደም ብቻ ስመረምር የምውል ነው። እኔ ግን አብዝቼ የምጨነቀው ቫይረሱ በሌለበት ሰው ደም ነው። የጤነኛው ልክ ካልታወቀ የታማሚው ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም።

ይህን ያስተማሩን ወንጂና አቃቂ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በሁለቱ ቦታዎች የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። በ1999 ከታተሙት ጥናቶቹ አንዱ፣ ቫይረሱ በሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሲዲ 4 የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም በአማካይ 775 መሆኑን አሳየ። የኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች አማካይ 993 ነበር። ከእኛዎቹ መካከል ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከ400 በታች የተቆጠረለት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እስከ 2015 ድረስ ሕክምና የሚጀመርበትን ጊዜ በዚሁ ቁጥር ሲወስን ኖሯል፤ መጀመሪያ 200፣ ኋላ 350፣ በመጨረሻም 500። ቫይረሱ ጨርሶ ያልነካው ሰው ከወሰኑ በታች ሊገኝ ይችል ነበር ማለት ነው።

ለምን? ጥሩ ፍንጭ የመጣው ከእስራኤል ነው። ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ አዲስ የገቡ ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ የመከላከያ ሕዋሳታቸው ቀድሞውኑ ተነቃቅተው እንዳገኟቸው በ1995 ጻፉ። ምክንያት ነው ያሉት የአንጀት ትላትልንና ሌሎች ሥር የሰደዱ ኢንፌክሽኖችን ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ኤች አይ ቪ እንደ ልቡ የሚራባው በተነቃቃ የሲዲ 4 ሕዋስ ውስጥ ነውና።

ላብራቶሪ ውስጥም ጥያቄው ያው፣ መነሻው ምን ነበር የሚለው ነው። ደሙን ፊኮል ከሚባለው ፈሳሽ በላይ፣ ሁለቱ እንዳይደባለቁ፣ በቱቦው ግድግዳ በኩል ቀስ አድርጌ አወርደዋለሁ። ከሴንትሪፊዩጅ ሲወጣ ቀዩ ከታች ዘቅጧል፣ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ተንሳፍፏል፤ በፕላዝማውና በፊኮሉ መካከል ቀጭን፣ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ቀለበት ይታያል። የምፈልጋቸው ሕዋሳት እዚያ ናቸው። እጅ ከተንቀጠቀጠ ቀለበቱ ይበተናል፤ ስለዚህ ፒፔቱን ስይዝ ማንም እንዲያናግረኝ አልፈቅድም።

ሕዋሳቱን 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ፕሌት ላይ ከቫይረሱ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ጋር አሳድራቸዋለሁ። በማግስቱ የሚታየው እያንዳንዱ ነጠብጣብ፣ ቫይረሱን አውቆ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ፕሮቲን የረጨ የአንድ ሕዋስ አሻራ ነው። አዳዲስ ልጆች ነጠብጣብ የሞላበትን ጉድጓድ ለማየት ይቸኩላሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ምንም ቁርጥራጭ ያልተጨመረበትን ነው። እሱ ራሱ ነጠብጣብ ካበዛ የሌላው ውጤት አይታመንም፤ አስቀድሞ የተነቃቃ ሕዋስ ማንም ሳይነካው ሊረጭ ይችላል።

የጉድጓዱ ዝምታም እንዲሁ ያሳስታል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋው የቫይረሱ ዓይነት ቢ ነው፤ የእኛ አገሩ ሲ ነው። ቁርጥራጮቹ በቢ ልክ ከተሠሩ፣ ሲን የሚያውቅ ሕዋስ ላይለያቸው ይችላል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው መከላከያ የለውም ብሎ መጻፍ ከባድ በደል ነው፤ ላልቀረበለት ጥያቄ መልስ አልሰጠም ብሎ እንደመክሰስ። በዚያ ላይ ቫይረሱ በአንድ ሰው ውስጥ እንኳ መልኩን ይለውጣል። በተለይ ኤችኤልኤ ቢ57 የሚባለውን የጂን ዓይነት የያዙ ሰዎች ሕዋሳት ጋግ የተባለውን ፕሮቲን ሲያጠቁት፣ ቫይረሱ ለማምለጥ የሚያደርገው ለውጥ የገዛ ራሱን የመራባት አቅም ይጎዳዋል። በሙያዬ ውስጥ እንደዚህ ተስፋ የሰጠኝ ግኝት ጥቂት ነው።

በክትባቱ በኩል መንገዱ መራራ ነው። በ2009 በታይላንድ የተደረገው የክትባት ሙከራ 31 በመቶ ያህል መከላከል ማሳየቱ ሲነገር ደስታችን ትልቅ ነበር። ያው ዘዴ ለዓይነት ሲ ተስተካክሎ በደቡብ አፍሪካ ተሞከረ፤ እንደማይከላከል ታይቶ በ2020 ቆመ። ቀጣዩ ክትባት በእኛ ሰው ላይ ሲሞከር፣ የሰውየው ሕዋሳት ከመከተቡ በፊት ምን ላይ እንደነበሩ ማወቅ ግድ ይለናል።

የጥናት በጀት ሲጠብ ግን ቀድሞ የሚቆረጠው የጤነኞቹ ወጪ ነው። “እነሱ ምን ሆኑና?” ይባላል። ለእነሱ ትራንስፖርትና ለደማቸው ምርመራ የሚሆነው ገንዘብ እንዳይነካ በየስብሰባው እከራከራለሁ፤ ዘንድሮም ተከራክሬ ግማሹን አስመልሻለሁ፤ የቀረውን ደግሞ ከሌላ ቦታ እየፈለግኩ ነው።