«አይስ ኦፍ ዋካንዳ»፦ ከዓድዋ የተወሰደው መጥረቢያ

የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቱ ነው። ነገሌ ቦረና፣ ቤታችን ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተን የ«አይስ ኦፍ ዋካንዳ»ን የመጨረሻ ክፍል አብረን አየን። ታሪኩ በኢትዮጵያ፣ በዓድዋ ዘመን እንደሚጀምር ስነግረው ከተጋደመበት ተነሥቶ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ «ኤሱማ» አለኝ፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። «ዋካንዳዎች ይህን ሁሉ መሣሪያ ይዘው ለምን አልረዱንም?»

ልጁ ሳያውቀው የሥራውን ልብ ነካ። «አይስ ኦፍ ዋካንዳ» ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በዲዝኒ ፕላስ የወጣ ባለ አራት ክፍል የአኒሜሽን ተከታታይ ነው። ዳይሬክተሩ ቶድ ሃሪስ ሲሆን፣ የ«ብላክ ፓንተር» ፊልሞች ዳይሬክተር የራያን ኩግለር ድርጅትም በፕሮዳክሽኑ ተሳትፏል። ራሷን ከዓለም ከደበቀችው ልብ ወለዳዊት የአፍሪካ አገር ከዋካንዳ የወጡ፣ ቫይብራኒየም ከተባለው ብርቅ ብረቷ የተሠሩ ዕቃዎችን ለማስመለስ በየዘመኑ ወደ ዓለም የተበተኑ ሰላዮችን ይከተላል፤ ከጥንቷ ቀርጤስ ወደ ትሮይ፣ ከቻይና ወደ ኢትዮጵያ። ሥዕሉ በብሩሽ የተቀባ ይመስላል፤ ፊቶቹ ኮስተር ያሉ፣ ቀለሞቹ ሞቅ ያሉ ናቸው።

ስለ ትሮይ የሚያወራው ሁለተኛው ክፍል ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በጥንት ግሪኮች ትረካ ሜምኖን ትሮይን ሊረዳ የዘመተ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው፤ የወደቀውም በአኪሊስ እጅ ነው። እዚህ ግን «ሜምኖን» ከግሪኮች ጎን የተሰለፈ የዋካንዳ ሰላይ የሽፋን ስም ሆኗል። ዓመታት አብሮት የኖረው አኪሊስ እንደ ወንድም ያየዋል። ተልእኮና ወዳጅነት ሲጋጩ የሚታየው ሐዘን ከአራቱ ክፍሎች ሁሉ ጠልቆ ይሰማል።

የ«ብላክ ፓንተር» ፊልሞችን በእውነት የሚያበለጽጋቸው ግን አራተኛው ክፍል ነው። ልዑል ታፋሪና አንጋፋው ሰላይ ኩዳ ኢትዮጵያ መጥተው አንድ መጥረቢያ ያስመልሳሉ። ከዚያ ከሩቅ መጪ ዘመን የመጣች የዋካንዳ ጠባቂ፣ ብላክ ፓንተር፣ ትገለጥላቸውና ታስጠነቅቃቸዋለች፦ ዕቃው ወደ አገሩ ከገባ ዋካንዳ በሯን እንደዘጋች ትኖራለች፤ በመጨረሻም ብቻዋን ሆና ትጠፋለች። በ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም ባላንጣው ኪልሞንገር ለንደን ሙዚየም ውስጥ የሚዘርፈውን መጥረቢያ ያስታውሱታል? ያን ጊዜ የድርጊቱ መነሻ ብቻ ይመስል ነበር። አሁን ግን አንድ ልዑል የአባቶቹን ሕግ ጥሶ፣ የአገሩን ንብረት ለባዕድ ትቶ የገዛው ነገ ሆኖ ይታያል። ፊልሙን ደግሜ ሳየው ያ የሙዚየም ትዕይንት ከበደኝ። የተከታታይ ሥራ ለእናት ፊልሙ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያደርግለት ይችላል?

ድክመቱም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ዓድዋ የመግቢያ መድረክ ሆና ቶሎ ትታለፋለች። ስለ ሰላዮች የሚተርክ ሥራ ዓድዋ ድረስ መጥቶ የዓድዋን ሰላይ አለማየቱ ያሳዝናል። ባሻይ አውዓሎም የጣሊያኑን ጄኔራል ባራቲየሪን በሐሰት ወሬ ያሳሳተው ያለ ቫይብራኒየም፣ በአንደበቱና በድፍረቱ ነበር። ከልዑል ታፋሪ ጋር አንድ ምሽት ቢያወጉ ኖሮ፣ ተደብቆ የሚሰልል ሰውና ለወገኑ የሚሰልል ሰው ልዩነታቸው ፊት ለፊት ይታይ ነበር። ክፍሎቹም አጫጭር ናቸው፤ ሰዎቹን ገና ስንላመድ እንሰናበታቸዋለን።

የልጁን ጥያቄ ነገሌ ላይ ሆኖ መስማት ደግሞ ሌላ ነው። ከዓድዋ አርባ ዓመት በኋላ፣ በጥር 1928 ዓ.ም.፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶሪያ በኩል ከጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ጋር ተዋጋ። ከላይ አውሮፕላን፣ ከታች ታንክና ብረት ለበስ መኪና መጣበት። በጥምቀት ሰሞን ነገሌ በጠላት እጅ ገባች። ራስ ደስታም በየካቲት 1929 ተይዘው ተረሸኑ። ዋካንዳ በእውነት ኖራ ቢሆን የዚያን ጊዜም ተደብቃ ታይ ነበር።

ለዚህ ነው ተከታታዩን የምወደው፤ ጥያቄውን አይሸሽም፤ መደበቅ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ዕዳም መሆኑን ያምናል። በእኛ ቆላ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዱብሉቅ ላይ ከጥልቁ የቱላ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዱ ጎልማሶች ከሥር እስከ አፍ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። አባ ሄሬጋ ደግሞ የከብቱን የመጠጫ ተራ ያወጣል። ጉድጓዱ ባለቤት አለው፤ ሕግም አለው፤ ግን የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ለልጁ የመለስኩለት ይህንኑ ነው፦ «ያ ልዑል መጥረቢያውን ሲተው፣ ገና ተራ ማውጣት መጀመሩ ነው።»