ቬሎም ያደግድግ

ልብስ ገላን ለመሸፈን ብቻ የተሠራ ነገር አይደለም። ሰው በልብሱ ደስታውንም ኀዘኑንም፥ ክብሩንም ትሕትናውንም ይናገርበታል። አባቶቻችን በታላቅ ሰው ፊት ሲቆሙ ሸማቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ያደገድጉ ነበር፤ እናቶቻችንም እንግዳ ሲያስተናግዱ እስከ ዛሬ ድረስ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያስራሉ። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ አልተቈረጠም፥ አልተጣለምም። ነገር ግን ታጥፎ ሲታሰር የለበሰው ሰው ለመታየት ሳይሆን ለማክበርና ለማገልገል የቆመ መሆኑን ያስታውቃል። ዛሬ ልጽፍበት የተነሣሁት ነገር ከሙሽራ ቬሎ በስተኋላ የሚጎተተው ረጅም ዘርፍ ነው። አንባቢ ሆይ፥ «ጡረታ የወጣች አስተማሪ በሙሽራ ልብስ ምን አገባት?» ብለህ ገጹን አትለፈው፤ ነገሩ በጨርቅ ብቻ የሚያበቃ አይደለምና።

ቬሎ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ የፊት መሸፈኛ ስስ ጨርቅ ማለት ሲሆን፥ እኛ ግን ነጩን የሠርግ ቀሚስ በሙሉ በዚህ ስም እንጠራዋለን። ነጭ የሠርግ ቀሚስ በአውሮፓ እየተለመደ እንዲሄድ ብዙ የረዳችው የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። እርስዋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1840 ዓ.ም. ስታገባ የቀሚሷን ዘርፍ የተሸከሙት 12 ወይዛዝርት ነበሩ። ከእነዚያም አንደኛዋ ጽፋ እንደ ተወችው፥ ዘርፉ ለ12 ተሸካሚ አልበቃ ብሎ ወይዛዝርቱ እየተጋፉና እርስ በርሳቸው ተረከዝ ለተረከዝ እየተረጋገጡ ሄዱ። በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ልዕልት ዲያና በለንደን ከተማ ስታገባ ደግሞ የዘርፉ ርዝመት 25 ጫማ፥ ማለት ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ነበረ። ያ ሁሉ ሐር በሠረገላው ውስጥ ተጨናንቆ ስለ ተጫነ፥ ሙሽራዪቱ ከሠረገላው ስትወርድ ልብሱ ተጨማዶ መታየቱን በዚያን ቀን የተመለከተ ሁሉ ያስታውሳል። እንግዲህ በቤተ መንግሥት እንኳ፥ ተሸካሚ በማይጠፋበት ስፍራ፥ ረጅም ዘርፍ ከውበቱ ጋራ ችግሩን ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ እንረዳለን።

ወደ እኛ ሠርግ እንመለስ። እኔ በማስተማር ሥራዬ ብዙ ልጆች ስላሳደግሁ ለብዙ ሠርግ እጠራለሁ። በሠርጉም ላይ የዘርፉን ነገር ሦስት ዓይነት ሆኖ አገኘዋለሁ። አንደኛው፥ ዘርፉ እንዲሁ ሲጎተት ይውላል፤ ሁለት ሕፃናት ጫፉን ይዘው፥ እየደከማቸውና እያለቀሱ፥ ሙሽራዪቱን ይከተላሉ። ሁለተኛው፥ ሙሽራዪቱ ወደ አዳራሽ ስትገባ አንዲት ሚዜ በጥድፊያ በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች፤ ጭፈራ ሲጀመር ግን መርፌው ጨርቁን ቀድዶ ይለቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። ሦስተኛው፥ መቀስ ይገባበትና ዘርፉ ተቈርጦ ይጣላል።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚያስነቅፍ የተረዳሁት በአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሠርግ ላይ ነው። የልጅቱ አያት ሽማግሌ ናቸው፤ በዱላ የሚሄዱ። በአዳራሹ ዳር ተቀምጠው ልጅቱ ቀርባ ጉልበታቸውን እንድትስም ይጠብቁ ነበር። ልጅቱም ልትሄድ ሁለት ጊዜ ተነሣች፤ ዘርፉ ግን በወንበሮቹ እግር ተጠላለፈባት፤ ጎንበስ ልትል ብትሞክርም አንዱ ዘመድ ጫፉን ረግጦት ስለ ነበረ ወደ ኋላ ሳባት። በመጨረሻ ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡና እርሳቸው ወደ እርስዋ ሄደው መረቁ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን አፈርሁ። ልጅቱ ክብር የማታውቅ ሆና አይደለም፤ ልብሷ ከለከላት እንጂ። ሰውን ለአያቱ እንዳይሰግድ የሚያግድ ልብስ ምን ቢያምር ጌጥ ሊባል አይገባውም።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ብቻ ለመንቀፍ እንዳይመስል የራሴንም ጥፋት እናገራለሁ። ታናሽ እኅቴ በ1985 ዓ.ም. ያገባችበት ቬሎ በእኔ ቤት በሣጥን ተቀምጦ ኖረ። እኅቴ በሞት ስትለየን ልጇ ገና ሕፃን ስለ ነበረች እኔ አሳደግኋት። ልጅቱ አድጋ በ2015 ዓ.ም. ልታገባ ስትዘጋጅ የእናቷን ቬሎ እለብሳለሁ አለች፤ እኔም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለብሳ በመስተዋት ፊት ስትቆም ግን ዘርፉን እያየች፥ «እቴቴ፥ ይህ በጣም ረዝሟል፤ አዳራሹም ጠባብ ነው፤ እናስቈርጠው» አለችኝ። እኔም ሳላስብ፥ «እናትሽን በመቀስ ልትቈርጫት ነውን?» አልኋት።

ይህ ቃል ከአፌ እንደ ወጣ ብመልሰው ደስ ባለኝ ነበር። ልጅቱ አንዲት ቃል ሳትመልስ ልብሱን አውልቃ፥ አጥፋ፥ በሣጥኑ ውስጥ መለሰችው። በማግሥቱ ሌላ ቬሎ ልትከራይ ማሰቧን ከሰው ሰማሁ። ሁለት ሳምንትም ወደ ቤቴ ሳትመጣ ቀረች። እኔ ግን ትክክል ነኝ ብዬ ተቀመጥሁ፤ ለእኅቴ ጠበቃ የቆምሁ መስሎኝ ነበረና።

ከዚህ የመለሰችኝ እናቴ ናት። ዕድሜዋ ከሰማንያ አምስት አልፏል፤ ከአልጋዋ እምብዛም አትነሣም። ነገሩን ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና፥ «የሞተችው ልጄ ናት፤ ልብሷን እንዳትጠብቂው አልልሽም። ነገር ግን ያለችውን እያስለቀስሽ ለሌለችው ዘብ አትቁሚ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሰውን ስገሥጽ የኖርሁ ሴት፥ በዚያን ቀን እንደ ተማሪ ተገሠጽሁ። ተነሥቼ ወደ ልጅቱ ሄድሁና ይቅርታ ለመንኋት። ለታናሽ ይቅርታ መለመን ለእኛ ለአስተማሪዎች ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያም ልብሱን ይዘን ወደ አንዲት ልብስ ሰፊ ሄድን። ሴትዮዋ ልብሱን ገልብጣ ገበሩን ከመረመረች በኋላ፥ «እትዬ፥ መቀስ ምን ያደርጋል? እናነሣዋለን» አለችኝ። ሥራውም እንዲህ ነበረ። በመጀመሪያ ልጅቱ በሠርጉ ቀን የምታደርገውን ጫማ አድርጋ እንድትቆም አዘዘች፤ የጫማው ተረከዝ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የልብሱ ርዝመት ይለወጣልና። የፊቱን ቅምቅማት ካስተካከለች በኋላ ወደ ኋላው ዞረች። ዘርፉን የማንሣት ዘዴ በሁለት ዓይነት መሆኑን አስረዳችን፤ አንደኛው ዘርፉን ከላይ አንሥቶ በክር ቀለበትና በትንንሽ ቁልፍ ቀሚሱ ላይ መያዝ ነው፤ ሁለተኛው ጥብጣብ ከውስጥ ሰፍቶ ዘርፉን ወደ ውስጥ እየሰበሰቡ ማሰር ነው። ለእኛ ሁለተኛውን መረጠች። ሳቲኑ ያረጀ በመሆኑ ክብደቱ በአንድ ስፍራ ብቻ እንዳይወድቅ በአምስት ቦታ ከፋፈለችው፤ ጥብጣቦቹንም በስሱ ጨርቅ ላይ ሳይሆን ስፌቱ በተደረበበትና ከውስጥ ጠንካራ ቁራጭ በተደገፈበት ላይ ሰፋቻቸው። አምስቱም ጥንዶች የተለያየ ቀለም ነበራቸው፤ ሚዜዋ በጥድፊያ ጊዜ ቀዩን ከቀዩ፥ ሰማያዊውን ከሰማያዊው ጋራ ብቻ እንድታስር ነው። ከሠርጉም በፊት ሚዜዋን ጠርታ ሦስት ጊዜ አሳስራ አስፈታቻት።

ይህን ስመለከት በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ያስተማረችን ሴት ትዝ አለችኝ። ጠማማ ስፌት ስንሰፋ ክሩን አስፈትታ እንደ ገና ታሰፋን ነበር፤ ጨርቁን በተሳሳተ ስፍራ ስንቈርጥ ግን ዝም ብላ ታዝናለች። መርፌ የሳተውን መርፌ ያርመዋል፤ መቀስ የሳተውን ግን መርፌ አይመልሰውም። ብዙ የቤት ጠብም እንደዚሁ ነው። ማጠፍና ማሰር የሚበቃበትን ጉዳይ በመቈረጥ እንጨርሰዋለን፤ እኔም በአንዲት ቃል ልጄን ልቈርጣት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ስለዚህ መቀስ ከልብስ ይራቅ ትያለሽን?» የሚለኝ ቢኖር፥ እንደዚያስ አልልም። ልብስ ለሕያው ሰው የተሠራ ነው። በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ልዕልት ቢያትሪስ ያገባችው አያቷ ንግሥት ኤልሣቤጥ ከብዙ ዓመት በፊት በለበሱት ቀሚስ ነው፤ ለእርስዋ እንዲስማማም እጅጌ ተጨምሮበት ነበረ። አያትየዋ በዚህ አልተዋረዱም፤ እንዲያውም ተከበሩ። ልብሱ የራስ ከሆነ፥ ጨርቁም ከተበላ፥ ቢቈረጥ ነውር የለበትም። ነገር ግን የተከራዩት ቬሎ ነገ ሌላ ሙሽራ የምትለብሰው ነውና ከመቀስም ከመረገጥም ሊጠበቅ ይገባል። ዘርፉም ከነጭራሹ አያስፈልግም አልልም፤ ሙሽራዪቱ ቃል ኪዳን ልትገባ ስትሄድ ከኋላዋ ተዘርግቶ ሲታይ በእውነት ያምራል። እኔ የምነቅፈው ለአንድ ሰዓት የተሠራውን ጌጥ ቀኑን ሙሉ መጎተትን ነው።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዘርፉ በሥርዓቱ ጊዜ ተዘርግቶ ዋለ። ከዚያ በኋላ ሚዜዋ ከኋላ ተንበርክካ አምስቱን ጥብጣቦች አሰረች፤ ልብሱም ከመሬት ተነሣ። እናቴን በወንበር ተሸክመን አምጥተናት በአዳራሹ ዳር ተቀምጣ ነበረ። ልጅቱ ማንም ሳይደግፋት፥ ማንም ጫፍ ሳይዝላት፥ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ሄደችና በሁለት ጉልበቷ ተንበርክካ የአያቷን ጉልበት ሳመች። እናቴ ዓይኗ ስለ ደከመ በእጇ ጀርባዋን ዳሰሰች፤ እጇም የታጠፈው ጨርቅ ላይ ሲደርስ፥ «እንደ ጥንቱ አደግድጋለች» አለችና መረቀቻት።

እናቶች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ ቬሎ ስትመርጡ የዘርፉን ርዝመት ብቻ አትለኩ፤ ልጅቱ ለብሳው መንበርከክ ትችል እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ፈትኑ። ሴቶች ልጆች ሆይ፥ የሚያነሣላችሁን ሰው ከሠርጉ ቀን በፊት አስተምሩት። እኛም ሽማግሌዎች የያዝነውን ሣጥን ስንጠብቅ ሣጥኑን የሚከፍቱትን ልጆች እንዳናባርር እንጠንቀቅ። የእኅቴ ቬሎ ዛሬ ጥብጣቦቹ ተፈትተው፥ አንድ ክር ሳይጐድልበት፥ በስፍራው ተቀምጧል፤ የሣጥኑን ቁልፍ ግን ለልጅቱ ሰጥቻታለሁ።