መሮ ለአለት

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለአፕቲትዩድ ሳዘጋጅ አናሎጂን የምጀምረው በአማርኛ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን የሁለት ነገሮችን ዝምድና በአፍ መፍቻው መለየት ያልለመደ ልጅ መዝገበ ቃላት ቢሸመድድም ብዙ አይራመድም።

ሰሌዳው ላይ «መሮ ለአለት» ብዬ እጽፍና አራት ምርጫ እደረድራለሁ፦ ሀ. ዋሻ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለ. መርፌ ለጨርቅ፣ ሐ. መላጊያ ለጣውላ፣ መ. ጣውላ ለመላጊያ።

የላሊበላ ልጅ እጁ ወደ «ሀ» ይሮጣል። መሮና አለት ሲባል ከከተማው በላይ ተራራው ላይ የተፈለፈለችው አሸተን ማርያም ትመጣበታለቻ! ፈታኙም የሚያጠምደው በዚሁ ነው። ርዕሱ የተመሳሰለ ሁሉ ዝምድናው አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ምርጫዎቹን በእጅ ሸፍኖ ሁለቱን ቃላት የሚያያይዝ ዓረፍተ ነገር ማውጣት ነው። «መሮ በአለት ላይ የሚሠሩበት መሣሪያ ነው» ይሉኛል። ጥሩ፤ ግን ወንፊቱ ሰፊ ነው፤ መርፌም መላጊያም ያልፋሉ። እናጠብቀው፦ «መሮ ከአለት ላይ እየቀነሰ ቅርጽ ያወጣል።» መርፌ ይሰፋል እንጂ አይቀንስም፤ ወደቀ። «መ» ደግሞ ትክክለኛዎቹን ቃላት ገልብጦ አስቀምጧል፤ ቅደም ተከተሉን ያላየ እዚያ ይቀራል። መልሱ «ሐ» ነው።

ዝምድናን ማጥበቅ ለማስተማር ከአካባቢያችን የተሻለ የት ይገኛል? ቤተ ጊዮርጊስ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የተገነባ ነው። ሁለቱንም «የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ፈተናውም ላይ ልዩነቱ እንዲሁ ያመልጠዋል።

የቃላት እውቀት ጣጣው ሌላ ነው። እዚህ ከአስጎብኚዎች ጋር የሚውሉ ልጆች «ሞኖሊቲክ»ን (ከአንድ አለት የተፈለፈለ) ያውቃሉ፤ ተራ የቤት ዕቃ ሲመጣ ይደናገራሉ። በአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በኤስኤቲ «ሯጭ ለማራቶን» ብሎ መልሱን «ቀዛፊ ለሬጋታ» ያደረገ ጥያቄ ስሙ በክፉ ይነሳል። ማራቶንንማ የእኛ ልጅ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የጀልባ ውድድር ግን ላስታ ላይ ከየት ይምጣ? አናሎጂ በፈረንጆቹ 2005 ከኤስኤቲ፣ በ2011 ደግሞ ከድኅረ ምረቃ መግቢያው ፈተና ከጂአርኢ ወጥቷል። የጥያቄው ዓይነት ባይጠፋ እመርጥ ነበር፤ መታረም የነበረበት የቃላቱ ምርጫ ነው።

ቅኔ ቤት የቆዩትስ? በቅኔ የሚታወቀው ዋድላ ሩቅ ስላልሆነ አንዳንዴ ያጋጥሙኛል። ዝምድና ለማየት ፈጣኖች ናቸው፤ ችግራቸው ለአራቱም ምርጫ ወርቅ ማውጣታቸው ነው። «ዋሻም ከአለት ላይ የተቀነሰ ነው» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ለእነሱ የምሰጠው ሥራ የተለየ ነው፦ ሰሙን ብቻ ጻፉ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ግስ ብቻ ተጠቅማችሁ።