የአባት ድምፅና የልጅ ስም
በኦኤ ኬንዛቡሮ ልቦለዶች ላይ የቀረበ ሂስ

ሥነ ጽሑፍ ስለ ወላጅ ፍቅር ያላለው ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ በአእምሮው ወይም በአካሉ ላይ ጉዳት ያለበት ልጅ በአንድ ቤት ሲወለድ ያ ፍቅር ምን ፈተና እንደሚገጥመው፣ ወላጁም ለልጁ ጠበቃ ሆኖ በሐኪም፣ በዘመድና በኅብረተሰብ ፊት ሲቆም በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚሳሳት በጥልቀት የመረመሩ ልቦለዶች ጥቂት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ድርሰት የሚገባው የአንባቢን እንባ ለማፍሰስ፣ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ደግነት ለማጉላት ወይም የቀድሞ በደል ቅጣት ምልክት ሆኖ ለመቆም ነው። የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ ቀልድና የራሱ ቁጣ ያለው ሰው ሆኖ ሲሣል እምብዛም አይታይም።

ጃፓናዊው ደራሲ ኦኤ ኬንዛቡሮ በዚህ ረገድ ልዩ ስፍራ ይዟል። ከ1964 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሠላሳ ዓመታት ያህል ወደ አንድ ጭብጥ፣ ማለትም ወደ አባትና ወደ አእምሮ ጉዳተኛ ልጁ ሕይወት ደጋግሞ ተመልሷል። የእነዚህ ሥራዎች ዋጋ አንድ አባት ልጁን መውደዱን በማሳየታቸው ብቻ የሚለካ አይደለም። ስለ ሌላው መናገርና ሌላው እንዲናገር ስፍራ መልቀቅ ሁለት የተለያዩ ተግባሮች መሆናቸውን፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው መንገድም ረጅምና አድካሚ መሆኑን ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳዩ ነው።

ኦኤ በ1935 በሺኮኩ ደሴት በደን በተከበበ መንደር ተወለደ። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ አጠና፤ ገና ተማሪ ሳለም በ1958 ታላቁን የአኩታጋዋ ሽልማት ተቀበለ። በ1963 የመጀመሪያ ልጁ የራስ ቅሉ ሳይገጥም፣ የአንጎሉ ክፍል ወደ ውጭ ወጥቶ ተወለደ። በቀዶ ሕክምና ካልታከመ ይሞታል፤ ቢታከምም ዕድሜ ልኩን ከከባድ ጉዳት ጋር ይኖራል። ወጣቱ አባት በዚሁ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ወደ ሂሮሺማ ተጓዘ። በዚያም ፈውሱን በማያውቁት የአቶሚክ ቦምብ በሽታ የተያዙትን ሰዎች ሳይታክቱ ሲረዱ የኖሩ ሐኪሞችን አገኘ። ይህንን ጉዞ በ1965 በታተመው «የሂሮሺማ ማስታወሻዎች» ውስጥ መዝግቦታል። ልጁም ታከመ፤ ሂካሪ ተባለ። የቃሉ ፍቺ ብርሃን ማለት ነው።

በ1964 የወጣው «የግል ጉዳይ» የተሰኘው ልቦለድ ከዚህ ገጠመኝ የፈለቀ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ከደራሲው እጅግ የደከመ ሰው ተደርጎ ተሥሏል። «ወፍ» በሚል ቅጽል የሚጠራው ይህ የ27 ዓመት ወጣት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተማሪዎችን በሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ መጠጥ ያጠቃዋል፤ ሕልሙ ወደ አፍሪካ መሸሽ ነው። ሚስቱ በምጥ ላይ ሳለች እርሱ የአፍሪካን ካርታ ይመለከታል። የአህጉሩ ቅርጽ አንገቱን የደፋ ሰው የራስ ቅል መስሎ ይታየዋል። ደራሲው በዚህ አንድ ምስል ብቻ ሊመጣ ያለውን መከራ አስቀድሞ ይጠቁማል። አፍሪካዊ አንባቢ ግን ሌላም ነገር ያስተውላል፤ በዚያ ካርታ ላይ ሰው የለም። ለ«ወፍ» አፍሪካ ሕዝብ የሚኖርባት ምድር መሆኗ ቀርቶ ከኃላፊነት የማምለጫ ባዶ ስፍራ ናት። ሕፃኑንም የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው፤ የራሱ ሕይወት እንዳለው ፍጡር ሳይሆን በመንገዱ ላይ እንደተጋረጠ እንቅፋት ይቆጥረዋል።

የልቦለዱ ኃይል የሚመነጨው ከጭካኔው ሐቀኝነት ነው። «ወፍ» ሕፃኑን በገዛ እጁ አይገድልም፤ በወተት ፋንታ የስኳር ውሃ እንዲሰጠው ከሐኪሙ ጋር በዝምታ ይስማማል። አማቱም ነገሩ ከልጇ ተሰውሮ እንዲያልቅ ትሻለች። ሁሉም በሹክሹክታ ይነጋገራሉ፤ ማንም ማንንም ግደል አይልም። ሕፃኑ ግን ከሚጠበቀው ውጭ እየበረታ ይሄዳል። አባቱ ከፍቅረኛው ጋር ሆኖ ሕፃኑን ሕይወቱን ሊያጠፋለት ለሚችል ሐኪም አሳልፎ ከሰጠ በኋላ፣ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ከራሱ ጋር ተፋጥጦ ሽሽቱን ለማቆም ይወስናል፤ ልጁንም ወደ ሆስፒታል ይመልሰዋል።

ይህ ሥራ ሁለት ጉድለቶች አሉበት። የመጀመሪያው የመደምደሚያው ነገር ነው። ሚሺማ ዩኪዮን የመሰለ ታላቅ ደራሲ መጨረሻውን ነቅፎታል፤ ነቀፌታውም መሠረት የለውም አይባልም። አባቱ ልጁን ለመቀበል በቆረጠ ማግስት እበጡ አንጎል ሳይሆን ቀላል ዕጢ ሆኖ ይገኛል። ውሳኔው ዋጋ ሳያስከፍለው ወዲያው ሽልማት ይከተለዋል። በእውነተኛው ሕይወት የሂካሪ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ምሕረት አላገኘም። ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ ትረካው ሙሉ በሙሉ የአባትየው ድርሻ ሆኗል። ሚስቱ እውነቱ ተሰውሮባት በአልጋ ላይ ትቀራለች፤ ሕፃኑም በአብዛኛው የልቦለዱ ክፍል ስም እንኳን የለውም። በመጨረሻው ገጽ የሚያድገው አባትየው ብቻ ነው። አማቹ «ወፍ» የሚለው የልጅነት ቅጽል ከእንግዲህ ለእርሱ እንደማይስማማ ይነግሩታል።

ደራሲው ራሱ በዚህ እንዳልረካ የሚያሳየው በዚያው ዓመት የጻፈው «አግዊ» የተሰኘው ባሕርይ የሚገኝበት አጭር ልቦለድ ነው። በዚህኛው ታሪክ አባትየው የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ሕፃኑንም በስኳር ውሃ አስርቦ አስገድሎታል። ከሞቱ በኋላ ሬሳው ሲመረመር ጉዳቱ ሊድን የሚችል ዕጢ እንደነበረ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ ነጭ የሌሊት ልብስ የለበሰ ግዙፍ ሕፃን ከሰማይ እየወረደ አባቱን ይጎበኘዋል። «አግዊ» ሕፃኑ በአጭር ዕድሜው ያሰማው ብቸኛ ድምፅ ነው። ይህ አጭር ልቦለድ ከረጅሙ የሚበልጥበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ሊሞት የተፈረደበት ልጅ ቢያንስ አንዲት ቃል አለችው፤ ስሙም የሆነችው እርስዋው ናት።

«የግል ጉዳይ» የሚለው ርእስ ራሱ መመርመር ይገባዋል። ነገሩ በእርግጥ የግል ነበርን? ሂካሪ በተወለደበት ዘመን በጃፓን «የተሻለ ዘርን ለመጠበቅ» በሚል ስም በ1948 የወጣ ሕግ በሥራ ላይ ነበር። ሕጉ እስከ 1996 የጸና ሲሆን፣ በእርሱ መሠረት 25,000 ያህል ሰዎች እንዳይወልዱ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተፈጽሞባቸዋል፤ ከእነዚህም 16,500 ያህሉ ፈቃዳቸውን አልሰጡም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር እንደነበረ የወሰነው በ2024 ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ በልቦለዱ ውስጥ በሹክሹክታ የሚናገረው ሐኪም አንድ ክፉ ግለሰብ ብቻ አይደለም። አባቱ በሆስፒታሉ ኮሪዶር ላይ ብቻውን የቆመ ይመስለዋል እንጂ፣ የልጁ ሕይወት ከሌላው ሕይወት ያነሰ ዋጋ እንዳለው መንግሥት አስቀድሞ ተናግሯል። ልቦለዱ ይህንን ማኅበራዊ ኃይል በስሙ አለመጥራቱ የዘመኑን የዝምታ መጠን ያሳያል።

ዝምታውን የሰበሩት ጉዳተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በ1970 በዮኮሃማ ከተማ አንዲት እናት የ2 ዓመት አካል ጉዳተኛ ልጇን ገደለች። ብዙ ሰዎች ለእናቲቱ አዝነው ቅጣቱ እንዲቀልላት ጠየቁ። በአንጎል ጉዳት ምክንያት እንቅስቃሴያቸው የታወከ ሰዎች ያቋቋሙት «አኦይ ሺባ» የተባለ ማኅበር ግን ይህንን አጥብቆ ተቃወመ። ለገዳይዋ የሚፈሰው እንባ ለሟቿ ለምን አልፈሰሰም? የሚል ነበር ጥያቄው። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የሆነው ዮኮዙካ ኮይቺ በ1975 ያሳተመው መጽሐፍ ርእስ «እናት ሆይ፣ አትግደይ» የሚል ነው። እነዚህ ሰዎች የተናገሩት እውነት ለማንኛውም ወላጅ የሚከብድ ነው፤ ወላጅ የልጁ የመጀመሪያ ጠበቃ እንደሚሆን ሁሉ፣ ልጁን ከዓለም የሚሰውር የመጀመሪያው ግድግዳም ሊሆን ይችላል።

ኦኤ ለዚህ ክርክር በቀጥታ መልስ ጻፈ ባይባልም፣ ሥራዎቹ ከክርክሩ ጎን ለጎን ሲነበቡ ፍቺያቸው ይጎላል። በ1969 በወጣው «ከእብደታችን የምናድግበትን አስተምረን» በተሰኘው ሥራ ውስጥ አንድ ወፍራም አባት የልጁ ሕመም ሁሉ በቀጥታ ወደ ራሱ ሰውነት እንደሚተላለፍ፣ ያለ እርሱም ልጁ አንዲት ቀን መኖር እንደማይችል ያምናል። አንድ ቀን በእንስሳት መጠበቂያ ግቢ ውስጥ ወሮበሎች አባቱን ወደ ነጭ ድብ ገንዳ ሊወረውሩት ይታገሉታል፤ በዚያው ከልጁ ጋር ይለያያሉ። በመጨረሻ ሲያገኘው ልጁ ምንም ሳይሆን ቆይቷል። አባቱ በልጁ ምትክ እሠቃያለሁ ሲል የኖረው በምናቡ እንደነበረ ይገባዋል። ይህ ትዕይንት በቀልድ የተሞላ ቢሆንም ከሁሉም ይበልጥ የሚያምም ነው፤ «ያለ እኔ አይሆንለትም» የሚለው እምነት ከልጁ ይልቅ ለአባቱ ምርኩዝ ሆኖ መኖሩን ያጋልጣልና።

የዚህ ጉዞ ከፍተኛ ጫፍ በ1983 የታተመው «የአዲሱ ዘመን ወጣቶች ሆይ፣ ተነሡ» ነው። መጽሐፉ ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ከዊልያም ብሌክ ግጥሞች ጋር ተዋሕዶ የተጻፈ ሲሆን፣ አባትየው ለልጁ የዓለምን ነገሮች ሁሉ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ሊያዘጋጅለት ያስባል። ሥራው ግን አይሳካለትም። ፍቺ ሰጪው ብዙ ጊዜ ልጁ ሆኖ ይገኛል። አባቱ በሪህ ያበጠ እግሩን ዘርግቶ ሲሠቃይ፣ ልጁ ያንን እግር በጥንቃቄ ይዳስሳል፤ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ፍጡርም ያነጋግረዋል። በቤተሰቡ ውስጥ የተጣላ ሰላም የሚመለሰው በአባቱ ዕውቀት ሳይሆን በዚህ ርኅራኄ ነው። በመጨረሻውም ሃያ ዓመት የሚሞላው ልጅ «ኢዮር» በሚለው የቁልምጫ ስም ሲጠራ አቤት አይልም። ታናሽ ወንድሙ በእውነተኛ ስሙ፣ ሂካሪ ብሎ ሲጠራው ብቻ ይመልሳል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። እዚህ ግን ስሙን ከአባቱ ብዕር አስመልሶ የወሰደው ባለስሙ ራሱ ነው። በ1964 ከልጅነት ቅጽሉ የተላቀቀው አባት ነበር፤ ከ19 ዓመታት በኋላ የተላቀቀው ልጁ ሆነ። አባቱም ይህንን ሲያይ ደንግጦ፣ ቀጥሎም ተደስቶ ይቀበላል። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለው ርቀት የደራሲውን እውነተኛ ዕድገት ይለካል።

በ1990 የወጣው «ጸጥ ያለ ሕይወት» ደግሞ ትረካውን ከአባት እጅ አውጥቶ ለእኅት ይሰጣል። ወላጆች ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ወንድሟን ለመጠበቅ የቀረችው ወጣት የዕለት ተዕለቱን ነገር ትመዘግባለች። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የወንድሞችና የእኅቶች ድካም ብዙ ጊዜ ሳይነገር እንደሚቀር የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ምርጫ ዋጋ ይረዳል። የደራሲው አማች ኢታሚ ጁዞ በ1995 ፊልም ሠርቶበታል፤ በፊልሙም የሂካሪ ሙዚቃ ይሰማል።

ሂካሪ በልጅነቱ የሰው ንግግር ሳይስበው የወፎችን ድምፅ ከሸክላ ያዳምጥ ነበር። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በተራራ አጠገብ በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሳለ የወፍ ጩኸት ሰማ፤ የዚያንም የውሃ ዳር ወፍ ስም በትክክል ተናገረ። የቤተሰቡ ተግባር ከዚያ በኋላ ይህንን በር ይበልጥ መክፈት ነበር፤ ከወፍ ወደ ሙዚቃ፣ ከማዳመጥ ወደ መድረስ። ለፒያኖና ለዋሽንት የደረሳቸው አጫጭር ሥራዎች በ1992 ተቀርጸው ወጡ። ኦኤ በ1994 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር ላይ የልጁን ሙዚቃ አንሥቷል።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሂካሪ ስሙን አስመለሰ የተባለው በአባቱ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ብዕሩን የያዘው አሁንም አባት ነው። ይህ እውነት ነው፤ ኦኤም በ2023 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከዚህ ቅራኔ ፈጽሞ አልወጣም። ሆኖም ቅራኔውን አልሸሸገውም። ድምፁ የልጁን ድምፅ እንዳይውጥ የሚታገል ጠበቃ፣ ትግሉንም በአደባባይ የሚያሳይ ደራሲ ከዚህ በላይ ሊጠየቅ አይገባውም።

ነገሩ የመጻሕፍት ብቻ አለመሆኑን በ2016 የደረሰው እልቂት አሳይቷል። በሳጋሚሃራ ከተማ የአእምሮ ጉዳተኞች በሚኖሩበት ተቋም ውስጥ የቀድሞ ሠራተኛ የነበረ ሰው 19 ነዋሪዎችን ገደለ። ፖሊስ በቤተሰቦቹ ፍላጎት የሟቾቹን ስም ሳይገልጽ ቀረ፤ በ2020 ችሎት ላይም አብዛኞቹ በፊደል ምልክት ተጠሩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእነዚህ ሰዎች ስም ግን ከነርሱ ጋር ተቀበረ። ቤተሰቦቹ የኅብረተሰቡን ዓይን ፈርተዋልና በእነርሱ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። አንዲት እናት ግን የልጇ ስም በችሎት እንዲሰማ አደረገች። ልጇ ፊደል ሳትሆን ስም ያላት ሰው ነበረችና።

የአማርኛ ደራሲም ከዚህ ንባብ የሚያገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። በቋንቋችን መስማት ለማይችል ሰው የተሰጠው የቀድሞ ስያሜ ዛሬም አላዋቂን ለመስደብ ያገለግላል፤ ስንት ልጅስ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እንዲገባ ይደረጋል? እንዲህ ያለውን ልጅ በአንባቢ እንባ ከማስጌጥ ይልቅ ከጓዳው አውጥቶ በስሙ መጥራት፣ ተጠርቶም የሚመልሰውን በትዕግሥት ማዳመጥ የብዕር ሰው ድርሻ ነው። መልሱ እንደ ሂካሪ የወፍ ስም ሊሆን ይችላል፤ እንደ አግዊም ያልታወቀች አንዲት ድምፅ ልትሆን ትችላለች። ሁለቱም መሰማት ይገባቸዋል።