የአራስ ቤት ዕቃ፤ ለሕፃኑ ነው ወይስ ለጠያቂው?

ሰው ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ ሁለት አዛዦች አሉበት። አንደኛው ችግሩ ነው፤ ሁለተኛው የጎረቤቱ ዓይን ነው። ችግር የሚያዝዘው ጥቂት ነገር ነው፤ ያን ካገኘ ዝም ይላል። የጎረቤት ዓይን ግን ጠግቦ አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብኩት፥ ልጅ ሊወለድ በተቃረበበት ቤት ከሁለቱ አዛዦች የሚሰማው የትኛው እንደ ሆነ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አዲስ ባልና ሚስት ከሠርጋቸው ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡት ለዚህ ስለ ሆነ፥ የኋላ ልማዳቸውም የሚመሠረተው በዚሁ ጊዜ ነው።

መጽሐፍን መርምሮ ፍሬውን ከገለባው መለየት ሒስ ይባላል። እኔ ዛሬ የምመረምረው ግን መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በሻሸመኔና በአዳማ መደብሮች መስኮት ተደርድሮ ይታያል፤ በስልክም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የሕፃን አልጋ ከነለስላሳ መከታው፥ ጋሪ፥ ጡጦ ከነማሞቂያው፥ የዱቄት ወተት፥ ባለጎማ መሄጃ ወንበር፥ ገና መሬት ላልረገጠ እግር የሚሆን ጫማ ሳይቀር አለበት። እኔ በምኖርበት በኩየራ፥ የወለዱ የቀድሞ ተማሪዎቼን ልጠይቅ ስሄድ ይህ ሁሉ በክፍሉ ጥግ ተከምሮ አየዋለሁ። በአልጋው ላይ ሕፃን ተኝቶ ያየሁበት ቤት ግን ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ አልጋው የታጠበ ልብስ ይቀመጥበታል፤ ሕፃኑ ከእናቱ ጎን ነው። ዕቃው የተገዛው በብድር እንደ ሆነ ስሰማ፥ አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ትዝ ይለኛል።

ከዚህ ስሕተት ማዶ ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ። ይኸውም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ ምንም ሳያሰናዱ መቀመጥ ነው። ይህ አባባል በእግዚአብሔር መታመን ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የስንፍና መሸፈኛ ነው። በ2016 በአገራችን የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ዋነኞቹ ምክንያቶች ያለ ጊዜ መወለድ፥ በሚወለዱበት ሰዓት መታፈንና ልዩ ልዩ ተላላፊ በሽታ ናቸው። በዚያው ጥናት በጤና ድርጅት የወለዱት እናቶች ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ቍጥሩ ወደ 48 ከፍ ብሏል። እንግዲህ ከማናቸውም ዕቃ በፊት የሚቀመጠው ገንዘብ፥ ምጥ በመጣ ሌሊት እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው የመጓጓዣ ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ በመስኮት አይታይም፤ ጠያቂም አያደንቀውም።

አራስ ሕፃን የሚፈልገውን ብንቈጥር አምስት ነገር እናገኛለን፤ ሙቀት፥ ወተት፥ ንጽሕና፥ የማያሰጋ መኝታና የሚሸከመው ሰው። የዝርዝሩን ዕቃ ሁሉ በእነዚህ በአምስቱ እንመዝነው።

ስለ ሙቀት ስንናገር አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኩየራ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ሌሊቷ ይበርዳል፤ ኮፍያ፥ የእግር ሹራብና ብርድ ልብስ የግድ ናቸው። ከ1,000 ሜትር በታች ባለችው በመተሐራ ግን ሕፃንን እንደ ኩየራ ልጅ መጠቅለል ማሠቃየት ነው። ዝርዝሩ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ለሁሉም አንድ ወፍራም ልብስ ያዝዛል። ከልብስ ሁሉ የሚበልጥ ሌላ ማሞቂያም አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፥ ያለ ጊዜ ለተወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ መሣሪያ ቢያጥራቸው፥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያና ባልደረቦቻቸው ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርገው ማሰር ጀመሩ። በእኛም አገር ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህንኑ ዘዴ ፈትነው ውጤቱን በ2005 አሳትመዋል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለነዚህ ሕፃናት የሚመክረው ይህንኑ ነው። በችግር ቀን የተገኘው መፍትሔ የእናት ደረት መሆኑ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው።

ስለ ወተት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፥ እስከ ስድስት ወርም ውኃ እንኳ ሳይጨመር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ሐኪሞች ይመክራሉ። ጡት የሚጠባውን ያህል ያመነጫል፤ ጡጦ በገባ ቍጥር ሕፃኑ የሚጠባው ስለሚያንስ ወተቱም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ዱቄቱ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ይሆናል። ዋጋው ሲከብድ እናት ዱቄቱን አሳንሳ ውኃውን ታበዛለች፤ ውኃው ካልፈላ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል። ይህ በድኾች አገር ሁሉ ስለ ታየ፥ በ1974 በእንግሊዝ አገር የዱቄት ወተት ንግድን የሚከስስ ጽሑፍ ታተመ፤ በ1977 በአሜሪካ የአንድ ትልቅ ኩባንያን ዕቃ ያለመግዛት አድማ ተጀመረ፤ በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእነዚህን ምግቦች ማስታወቂያ የሚገታ ደንብ አወጣ። እናቱ ለሞተችበት፥ ወይም ሐኪም ላዘዘለት ሕፃን ግን ዱቄቱ ሕይወት ነው፤ ልታጠባ ያልቻለችን እናት መንቀፍም ነውር ነው። የምነቅፈው ሳያስፈልግ አስቀድሞ ገዝቶ መደርደርን ነው።

በዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ችግር አለ። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው። ስድስቱ ወር ሳይሞላ እናት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች ማለት ነው። ለእንዲህ ያለችው እናት የሚያስፈልጋት አልባ ወተቷን የምታስቀምጥበት መክደኛ ያለው ንጹሕ ዕቃና ሕፃኑ የሚጠጣበት ትንሽ ስኒ ነው። ስኒ ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ ይቀላል። ዝርዝሩ ግን ማሞቂያውን ሲያስታውስ ስኒውን ረስቶታል።

ስለ ንጽሕና ባጭሩ ልናገር። ሳፋ፥ ሳሙና፥ ሁለት ፎጣና ለስላሳ የሽንት ጨርቅ ይበቃሉ። ሆኖም ውኃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር ለምትኖር እናት ዳይፐር ቅንጦት ነው ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። ዕቃን መተቸት ማለት ባለዕቃውን ሳይጠይቁ መፍረድ አይደለም።

ወደ መኝታው እንለፍ። ሕፃን በጀርባው፥ በማይሰረጉድና በተስተካከለ ፍራሽ ላይ፥ ከእናቱ አጠገብ መተኛት አለበት። አልጋ የገዛ ሰው ካስተኛበት መልካም አደረገ። ዙሪያውን የሚሸፍነው ባለጥጥ መከታ ግን ፊቱን ሸፍኖ ሊያፍነው ስለሚችል፥ አሜሪካ በ2022 ባወጣችው ሕግ እንዳይሸጥ ከልክላለች። እነሱ ያገዱትን ጌጥ እኛ በብድር ልንገዛው አይገባም። በስምጥ ሸለቆ ዝቅተኛ ከተሞች ለሚኖር ሕፃን እውነተኛው የመኝታ ጌጥ አጎበር ነው። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች እንደ ተመዘገቡ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። አጎበር ግን ስጦታ ሆኖ ሲመጣ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ለመሸከም ደግሞ አንቀልባ አለን። ዛሬ ወጣቶች ጋሪ መግፋት ሥልጣኔ፥ አንቀልባ ማዘል ኋላ ቀርነት ይመስላቸዋል። ኰረኰንች መንገዳችን ለጋሪ አለመመቸቱን ትቼ፥ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አን ሙር የተባሉ አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ በፈቃደኛነት በምዕራብ አፍሪካ በቶጎ አገልግለው ነበር። በዚያ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሠሩ አይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ ከእናታቸው ጋር ሆነው ስናግሊ የተባለውን ማዘያ ሠሩ፤ በ1969ም የፈጠራ መብት አገኙበት። የአፍሪካ እናቶች ጥበብ ስም ተሰጥቶት በመደብር ሲሸጥ ተከበረ፤ በእናቶቻችን ጀርባ ላይ ሳለ ግን ናቅነው። ለአንቀልባም ሥርዓት አለው፤ የሕፃኑ ፊት እንዳይሸፈን፥ አንገቱም ገና ያልጸና ስለ ሆነ እንዳይንጠለጠል መጠንቀቅ ያሻል።

ባለጎማ መሄጃ ወንበር ግን ከአምስቱ ሚዛን በአንዱም አይገባም። ለአራስ አይሆንም፤ ከፍ ላለውም ልጅ ከደረጃና ከእሳት ያላትማል። ካናዳ በ2004 ጨርሳ አግዳዋለች።

አሮጌ የሆነ ሁሉ ደግ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንገር ቆሻሻ ነው ተብሎ መጣሉ፥ ሕፃኑ ጡት ሳይዝ ቅቤ መዋጡ፥ እትብቱ ላይ ቅቤ መቀባቱ የገዛ ልማዳችን ነው፤ ጐጂም ነው። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ምግቡ ነው። ስለዚህ መመዘኛችን የአያት ነው ወይስ የፈረንጅ ነው የሚል አይሁን፤ ለሕፃኑ ምን ይጠቅመዋል የሚል ይሁን።

በዚህ ረገድ የፊንላንድ ሥራ የሚመሰገን ነው። መንግሥቷ ከ1938 ጀምሮ ለድኻ እናቶች፥ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም፥ የሕፃን ልብስና መኝታ ያለበት የካርቶን ሣጥን ይሰጣል። እናቲቱ ሣጥኑን የምታገኘው በእርግዝናዋ ወራት ቀደም ብላ ከተመረመረች ነው። ሣጥኑ ራሱ ፍራሽ ስላለው አልጋ ይሆናል፤ የሀብታሙም የድኻውም ልጅ ይተኛበታል። በዚያ አገር የአራስ ቤት መፎካከሪያ እንዳይሆን የረዳው አንድ ነገር ይህ ይመስለኛል።

እኛ ሣጥኑ ባይኖረን እቁብና እድር፥ ጎረቤትና ዘመድ አለን። ሴትዮዋ ካረገዘችበት ወር ጀምሮ ባልና ሚስት ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያስቀምጡ። በቅድሚያ የመጓጓዣውን፥ ቀጥሎ የእናቲቱን ምግብ ያሰናዱ፤ የምታጠባ እናት ከተራበች በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነው። አጥሚቱና ገንፎው፥ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ማርቃ የሚሉት፥ ለወግ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ከዚያ ለየአገሩ አየር የሚስማማ አምስት ስድስት የጥጥ ልብስ፥ ሁለት ኮፍያ፥ ብርድ ልብስ፥ የሽንት ጨርቅ፥ ሳፋ፥ አንቀልባ፥ ወባ ባለበት አጎበር ይግዙ። ታጥቦ የተቀመጠ የእኅት ልጅ ልብስ ቢገኝ ያለ ኀፍረት ይቀበሉ፤ ሕፃኑ የማን እንደ ነበረ አይጠይቅም።

እናንተ ጠያቂዎችም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላችሁ ስትገቡ ዓይናችሁን ወደ ክፍሉ ጥግ አትላኩ። የገንፎ እህል ይዛችሁ ግቡ፤ ልብስ አጥባችሁ ውጡ። በተለይ አባት የሆንህ ወጣት ሆይ፥ ሕጉ የሰጠህ ሦስት ቀን ነው፤ ማታ ማታ ግን የራስህ ነው። ሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑን የሚያቅፍ ክንድ በየትኛውም መደብር አይሸጥም፤ ከዝርዝሩ ሁሉ የጎደለው እርሱ ነውና፥ አንተ ሙላው።